ዝም ያለው ፊደል

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠመኔዬን ይዤ
«ኢስላንድ» ብያለሁ፣ ለፊደል ታዝዤ፤
ልጆቹም ተቀብለው በአንድ አፍ ሲሉልኝ
የራሴ ማሚቶ ትክክል መሰለኝ።
ማን ያርመኝ ነበር? በሳቢያን ሰፈር
ባሕርም የለን፣ ደሴት የት ሊኖር።

ከባቡር ጣቢያው ኋላ፣ ጨው ይከማችበት ከነበረ መጋዘን፣
ማክሰኞና ሐሙስ፣ ፀሐይ ስትለዝብ፣ እንሰበሰባለን።
ማኅበሩ ትንሽ ነው፤ ስሙ በቆርቆሮ፣
መጽሐፉ በጆንያ መጥቶ በእጅ ተቆጥሮ፤
ወንበሩ የእድር ነው፤ ሰው ሲሞት በሰፈር
ወንበሩ ይሄዳል፤ ያን ዕለት ግሥ ስንማር
ቆመን ነው፣ እንደ ፍርድ ቤት ምስክር።
በሩ ላይ ሙሴ ጉደታ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣
«ቦንሱዋር!» ይለናል፤ በሱ ቤት ገና አልገባም እንግሊዝኛ።

አሠልጣኛችን ነስሪያ። አውቃታለሁ፤ ሰባተኛ ቢ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣
እስክሪብቶ የምታኝክ፣ መልሱን እያወቀች እጇ የሚሰንፍ።
እኔ ነኝ «ኢስላንድ»ን ያስጠናኋት፣
በዚያው ቃል አሥር ከአሥር የሰጠኋት።

የመጀመሪያው ማታ ተራዬ ደረሰ፤
አነበብኩ፤ በጥርሴ መሀል ኤሷ ነፈሰ።
ነስሪያ ዝም አለች።
ቬንትሌተሩ ሦስቴ ዞረ። ቆጠርኩት።
ከዚያ አጠገቤ መጥታ፣ ማንም እንዳይሰማት፣
«ቲቸር፣ እሷ ፊደል ትጻፋለች እንጂ አትነበብም» አለች፤
«አይላንድ»፤ ዕዳ እንደምትመልስ ሰው ቀስ ብላ ቆጠረች።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ከኮርኒሱ ሥር አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ተሰለፉ ልጆች፤ በእያንዳንዱ አፍ አንዳንድ ኤስ አለበት።
ነርስ የሆነችው ኢፍቱ፣ ጅቡቲ የሄደው፣ ኬላ የሚጠብቀው፣
በኔ ኤስ ስንቱ ተሳቀበት ይሆን? ማነው የሚያውቀው?

የኛ ፊደል እኮ ግብዝ አይደለም፤
ከተጻፈ ይጮኻል፤ ቆሞ ዝም የለም።
እንግሊዞች ምነው ለማያነቡት ቦታ ሰጡት?
እንደ ደቻቱ ይሆን፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሚሉት፣
ካርታው ላይ ያለ፣ ድምፁ የጠፋበት፣
አንድ ሌሊት ሲያገሳ፣ ያኔ የሚያምኑት?
እኔስ? በደሞዝ መዝገብ፣ በፊርማ፣ በስም ጥሪ አለሁ፤
በሱፐርቪዥን ወረቀት፣ በሳጥን ውስጥ ምልክት ሆኜ ተጽፌያለሁ።
ማን አንብቦኝ ያውቃል?

ሐሙስ ላልሄድ ነበር። ሮብሌ፣ የባጃጁ ልጅ፣ መንገድ ላይ ጠበቀኝ፤
«ግባ እንጂ ቲቸር፣ አቦ! ሒሳብ የለውም» አለኝ።
እሱ አልተመዘገበም፤ ስሙ ከየትም ዝርዝር የለም፤
መስኮቱ ሥር ሞተሩን ያጠፋል እንጂ አንድ ማታ ቀርቶ አያውቅም።
ነስሪያ ጥያቄ ስትወረውር ከውጭ ነው መልሱ የሚመጣ፣
ከነቤንዚን ሽታው ከጨለማ የወጣ።

ያን ማታ ተነሣሁ፤ ሰሌዳው ላይ በአማርኛ ጻፍኩ፦ «ገና»።
«አንብቢው» አልኳት። አፏን ከፈተችና
ቆመች። «የቱን? በዓሉን ነው ወይስ ‹እስካሁን›ን?»
«አየሽ፣ በኛ ደግሞ ያልተጻፈው ይነበባል፤
የሚጠብቀው ምልክት የለውም፤ ጆሮ ግን ያውቀዋል።»
መስኮቱ ሥር ሮብሌ ሳል አለ።
ሁላችን ዞርን።

ስንወጣ ሙሴ ጉደታን ጠየቅኩት፣ በሩን ሲዘጋ፦
«ለማይነበብ ፊደል ቦታ ለምን?» እሱም፣ መፋቂያው ጥርሱ ጋ፣
«ባዶ ፉርጎ እንጎትት ነበር፣ ጅቡቲ ድረስ፤
ይሞላል ስንመለስ።»

ሰኞ ጠዋት ለስልሳ ሁለት ልጅ «ተሳስቻለሁ» አልኩ፤
ጠመኔው እጄ ላይ አላበው፤ ቃሉን ግን ጻፍኩ።
«አይላንድ!» አሉ በአንድ አፍ፤ ቆርቆሮው አስተጋባ፤
ከኋላ አንዲት «ኢስላንድ» ብትል፣ ሳቅ በክፍሉ ገባ።
ድምፁን አወቅኩት፤ የራሴ ነው።
አጠገቧ ሄድኩ፤ ጎንበስ አልኩ፣ ማንም እንዳይሰማት፤
ቬንትሌተር የለንም፤
ሦስቴ በልቤ ቆጠርኩላት።